ምዕራፍ ሰባት፦ ብርሃን ቀድሞ፣ ድምፅ ተከትሎ

በምዕራፍ ሦስት የተራራ አናት ቅርጽ፣ የጥላ ርዝመትና የመንገድ ጥምዝ አንድ ቪዲዮ የት እንደተቀረጸ እንዴት እንደሚጠቁሙ ተመልክተናል። በትግራይ፣ ማኅበረ ዴጎ አቅራቢያ የተፈጸመውን ግድያ የሚያሳዩ የስልክ ቪዲዮዎች በ2013 ዓ.ም. ሲወጡ፣ መርማሪዎች የገደሉን ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታውን ለይተውታል። ሆኖም እነዚያ ቪዲዮዎች ቁርጥራጮች ነበሩ። ስልኩን የያዘው ሰው ሲፈልግ ያበራል፣ ሲፈልግ ያጠፋል። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ምን ሆነ? በአንዱና በሌላው ቁራጭ መካከል ስንት ደቂቃ አለፈ? ቦታው ቢታወቅም ጊዜው በክፍተት የተሞላ ነበር።

አሁን የምንነጋገረው ጥቃቱ እየተፈጸመ ሳለ በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበረ ምስል ነው። ብዙ ሰው የቀጥታ ስርጭት ዋጋው ሁሉን ማሳየቱ ይመስለዋል። በተግባር ግን ካሜራው የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ኮረብታ፣ ከሩቅ የሚወጣ ጢስ ወይም የሰማይ ጥግ ነው። ተኳሹም መሣሪያውም አይታዩም። መርማሪው ከዚህ ምስል አጥብቆ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው፤ ከጥቃቱ ብዙ ቀደም ብሎ መቁጠር የጀመረ፣ በጥቃቱ መካከልም መቁጠሩን ያላቆመ ሰዓት። ያ ሰዓት እጁ ከገባ ጊዜን ወደ ርቀት፣ ርቀትን ወደ ቦታ መለወጥ ይችላል።

ይህን በደንብ የሚያሳየን በደቡብ ሊባኖስ የተፈጸመ አንድ ጥቃት ነው። ሊባኖስ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ብዙ እህቶቻችን በየቤቱ ተቀጥረው ይሠሩባታል፤ እዚያ ተኩስ በተሰማ ቁጥር እዚህ ስንት ቤተሰብ ስልክ ይዞ እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን።

በኮረብታው ላይ የነበሩት ሰባት ጋዜጠኞች

ዕለቱ ዓርብ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 13 ቀን 2023። የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ ሳምንት አልሞላውም፤ በእስራኤልና በሊባኖስ ድንበርም ተኩስ ተከፍቷል። አልማ አሽ-ሻዕብ ከምትባለው መንደር አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ሰባት ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ተክለው ቆመዋል። ሦስቱ የሮይተርስ፣ ሁለቱ የፈረንሳዩ ዜና ወኪል የኤኤፍፒ፣ ሁለቱ ደግሞ የአልጀዚራ ናቸው። ሰማያዊ የመከላከያ ሰደርያና የራስ ቁር አድርገዋል፤ ጋዜጠኛ መሆናቸው በጉልህ ተጽፎባቸዋል። የቆሙት ዙሪያው ገላጣ በሆነ፣ ከሩቅ በሚታይ ስፍራ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። ድንበሩን እያሳዩ በቀጥታ ያስተላልፋሉ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የመጀመሪያው ፍንዳታ ደረሰ። የሮይተርሱ የቪዲዮ ጋዜጠኛ ኢሳም አብደላ ወዲያውኑ ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር። የኤኤፍፒዋ ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስቲና አሲ ክፉኛ ቆሰለች፤ በኋላም አንድ እግሯ ተቆረጠ። ከ37 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛው ደረሰና የአልጀዚራን መኪና በእሳት አያያዘው። ከሞት የተረፉት ስድስቱም ቆስለው ነበር።

እነዚህ 37 ሰከንዶች የሰማሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ሲጠፋ የሚቀሩ ይመስለኛል። አንድ ተኩስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ስቶ የመጣ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጆሮ ያገኝ ነበር። እዚያው ቦታ ላይ፣ ሰዎች ወድቀው እየጮኹ ሳለ፣ ሁለተኛ ጊዜ መተኮስ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ልዩነቱ 37 ሰከንድ መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቀውም በርካታ ካሜራዎች ክፍት ስለነበሩ ነው። ከፍንዳታ የተረፈን ሰው ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ብትጠይቁት ሊነግራችሁ አይችልም፤ እንዲነግራችሁ መጠበቅም ግፍ ነው።

ምንም ያልሆነባቸው ደቂቃዎች

በጦርነት ውስጥ ሰላማዊ ሰው ሲገደል ከተኳሹ ወገን የሚሰማው የተለመደ ማብራሪያ በአካባቢው የተኩስ ልውውጥ ነበር የሚል ነው። በዚህም ጉዳይ የእስራኤል ጦር ጋዜጠኞችን ዒላማ እንደማያደርግ፣ አካባቢው ውጊያ የሚካሄድበት እንደነበረ፣ ሂዝቦላህ በድንበሩ ላይ ጥቃት በመክፈቱም በመድፍና በታንክ መልስ እንደሰጠ ገልጿል። መርማሪ ይህን ማብራሪያ ዝም ብሎ አይቀበልም፣ ዝም ብሎም አይጥልም፤ በሰዓት ይለካዋል። የተባለው ጥቃት መቼ ደረሰ? ታንኩስ መቼ ተኮሰ? በመካከሉ ስንት ደቂቃ አለ?

ቁርጥራጭ ቪዲዮ እዚህ ላይ አቅም የለውም። የስልክ ቪዲዮ የሚጀምረው ሰው ደንግጦ ስልኩን ሲያወጣ፣ ማለትም ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጸጥታ አይቀረጽም፤ ጸጥታን ማን ይቀርጻል? የቀጥታ ስርጭት ግን ሳይመርጥ ይቀርጻል። ተመልካች የሚሰለችባቸው፣ ምንም የማይሆንባቸው ረጃጅም ደቂቃዎች ለመርማሪው ትልቅ ምስክር ናቸው። በስፍራው አጠገብ የተዋጊዎች እንቅስቃሴ፣ ሮኬት ማስወንጨፊያ ወይም ተኩስ ነበረ ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚፈትሹት በእነሱ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቪዲዮዎችን፣ ፎቶግራፎችንና የምስክሮችን ቃል መርምሮ ጋዜጠኞቹ በነበሩበት አካባቢ ወታደራዊ ዒላማ ለመኖሩ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል። በድንበሩ ላይ የራሱን መዝገብ የሚይዘው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይልም፣ ታንኩ ከመተኮሱ በፊት ከ40 ደቂቃ በላይ ድንበር ተሻጋሪ የተኩስ ልውውጥ እንዳልመዘገበ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት አስፍሯል። ሁለቱ የተለያዩ ምንጮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይቶ የጻፈው አይደለም። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ መገጣጠም ትልቅ ክብደት አለው።

መብረቅና ነጎድጓድ

አሁን ወደ ምዕራፉ ዋና ሐሳብ እንግባ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበርቅ ልጆች የሚያደርጉትን አስታውሱ። ብልጭ ሲል መቁጠር ይጀምራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ነጎድጓዱ እስኪያጉረመርም ይጠብቃሉ። ቆጠራው ካጠረ መብረቁ ቀርቧል፤ ከረዘመ ርቋል። ማንም ሳያስተምራቸው ልጆቹ ጊዜን ወደ ርቀት እየለወጡ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ብልጭታው ለእኛ ወዲያውኑ ይደርሳል ማለት ይቻላል። ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሦስት ከቆጠራችሁ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃችኋል።

መድፍም ሲተኮስ ይብለጨለጫል፣ ይጮኻልም። ካሜራው ብልጭታውን ካየና ድምፁን ከሰማ፣ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ በ340 ማባዛት ነው። ልጁ በጣቱ የሚቆጥረውን መርማሪው በኮምፒውተር ይቆጥረዋል። የቴሌቪዥን ምስል በሰከንድ 25 ፎቶ ያህል ይይዛል፤ በሁለት ፎቶዎች መካከል ድምፅ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው። ድምፁ ራሱ ደግሞ በሰከንድ እስከ 48,000 ጊዜ ይለካል። ከምስሉ ይልቅ ድምፁ እጅግ የረቀቀ ሰዓት ነው፤ ልምድ ያለው መርማሪ ቪዲዮ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው የድምፁን ሞገድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በታንክ ግን አንድ የሚገርም ነገር ይጨመራል። የታንክ ጥይት ከድምፅ ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ እዚያ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ፍንዳታውን የሚሰማው ታንኩ የተኮሰበት ድምፅ ሳይደርሰው ነው። ሞቱ ከነጎድጓዱ ቀድሞ ይመጣል። «ሲተኮስ አልሰማችሁም? ለምን አልሸሻችሁም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይህን አያውቅም።

ለመርማሪው ግን ይህ ቁልፍ ነው። በስፍራው ያለ የድምፅ መቅረጫ በመጀመሪያ ፍንዳታውን፣ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣውን የመተኮሻውን ጉርምርምታ ይይዛል። የጥይቱ ዓይነት ከታወቀ ፍጥነቱ ይታወቃል፤ ፍጥነቱ ከታወቀ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ ርቀቱን ያወጣል። 1,340 ሜትር ላይ ያለ ታንክ ሲተኩስ ድምፁ ኮረብታው ላይ የሚደርሰው ከአራት ሰከንድ በጥቂት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ጥይቱ ግን ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ደርሷል።

ይህን ርቀት የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ሮይተርስ በስፍራው የተገኘ ትልቅ ብረትና ሌሎች ቅሪቶችን በኔዘርላንድስ ወደሚገኘው ቲኤንኦ የተባለ ነፃ የምርምር ተቋም ላከ። ተቋሙ ብረቱ የ120 ሚሊ ሜትር የታንክ ጥይት ጅራት እንደሆነ ለየ። ከዚያም የቅሪቶቹንና የቪዲዮዎቹን ማስረጃ አጣምሮ ጥይቶቹ የተተኮሱት ከድንበሩ ማዶ፣ ከእስራኤል በኩል፣ 1.34 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከነበረ ታንክ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ይህ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ኤኤፍፒ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች ለየብቻ ያካሄዷቸውን ምርመራዎች በዚያው ቀን አወጡ። ሁሉም ጥቃቱ ከእስራኤል ጦር እንደመጣ ደመደሙ።

ርቀት ብቻውን ግን ቦታ አይደለም። «1.34 ኪሎ ሜትር» የሚለው በካርታ ላይ ጋዜጠኞቹን መሃል አድርጎ የተሳለ ክብ ነው፤ ተኳሹ በክቡ ጠርዝ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። ክቡን ወደ አንዲት ነጥብ የሚያጠበው ሌላ ማስረጃ ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ የቀረጸ ካሜራ፣ ጥይቱ በግንቡና በመኪናው ላይ የተወው ምልክት፣ በምዕራፍ አራት ያየነው የሳተላይት ምስል።

ልጆቹ የማይጨነቁበት ነገር መርማሪውን ያስጨንቀዋል። የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በ15 እና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይለያያል። ለአራት ሰከንድ ጉዞ ይህ ከ20 ሜትር በላይ ስህተት ነው። ስለዚህ የዚያን ምሽት የአየር ጠባይ መዝገብ ተፈልጎ ይገኛል። ነፋስም አለ። ገደል ማሚቶም አለ፤ በኮረብታማ አገር አንድ ተኩስ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይሰማል፤ የትኛው እውነተኛው፣ የትኛው ማሚቶው እንደሆነ መለየት የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል።

«ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ቃል ክብር

ቲኤንኦ በቀጣዮቹ ወራት ምርመራውን ሲያጠናቅቅ ከአልጀዚራ ካሜራ ድምፅ ላይ ሌላ ነገር ሰማ። ከሁለቱ የታንክ ጥይቶች በኋላ የ12.7 ሚሊ ሜትር ከባድ መትረየስ ተኩስ ይሰማል፤ በእስራኤሉ መርካቫ ታንክ ላይ የሚገጠም ዓይነት። ጥቃቱ በጠቅላላ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ወስዷል። ካሜራው ባይቀርጽ ኖሮ ይህ ተኩስ በጩኸትና በእሳት መካከል ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ተቋሙ ታዲያ ምን አለ? ያው ታንክ በጋዜጠኞቹ ላይ መትረየስ የተኮሰ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን የመትረየሱን አቅጣጫና ትክክለኛ ርቀት ማረጋገጥ ስላልተቻለ በእርግጠኝነት መደምደም አይቻልም። እኔ ከሪፖርቱ ሁሉ ይበልጥ የማከብረው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። ለሟች ያዘነ ልብ «ያው ታንክ ነው!» ብሎ መጮኽ ይፈልጋል። ነገር ግን ያልተረጋገጠ አንድ ነገር የተረጋገጡትን ዘጠኙን ሊያስጥል ይችላል። የተከሳሽ ጠበቃ የሚፈልገው እሷኑ አንዷን ነው።

ሰዓቶቹ ሲጣሉ

እስካሁን የካሜራው ሰዓት ትክክል እንደሆነ አድርገን ስንነጋገር ቆይተናል። እውነቱ እንዲያ አይደለም። በቀጥታ የሚተላለፍ ምስል በስፍራው ከተቀረጸበት ቅጽበት ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ምስሉ ይታመቃል፣ ወደ ሳተላይት ወይም ወደ ኢንተርኔት ይላካል፣ በጣቢያው ያልፋል። በኢንተርኔት ከሆነ መዘግየቱ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በማያ ገጹ ጥግ የተጻፈው ሰዓት የጣቢያው ስቱዲዮ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ አንዱ ፋይል በግሪንዊች ሰዓት፣ ሌላው በአገሩ ሰዓት ይመዘገባል። እኛ ከምሽቱ 12 የምንለው ለእነሱ 18፣ በግሪንዊች ደግሞ 15 ነው።

ስለዚህ ሁለት ካሜራዎችን በተጻፈባቸው ሰዓት ማጣጣም ከባድ ስህተት ያስከትላል። የሚጣጣሙት ሁለቱም ባዩት አንድ ክስተት ነው። የፍንዳታ ብልጭታ ለሁሉም ካሜራ በአንድ ቅጽበት ይደርሳልና መርማሪው በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ ያቺን ብልጭታ ፈልጎ ዜሮ ሰከንድ ይላታል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቆጥራሉ። በድምፅ ማጣጣም ግን አይቻልም፤ ሩቅ ያለው ካሜራ ዘግይቶ ይሰማልና። በመብረቁ እንጂ በነጎድጓዱ ሰዓት አይሞላም። ኔትወርክ ሲደክም ስርጭቱ ጥቂት ምስሎችን ይጥላል፤ ያኔ ሰዓቱ ሳናውቅ ሰከንዶች ይዘልላል። ከተቻለ በካሜራው ካርድ ላይ የቀረው ዋናው ቅጂ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

አንድ ካሜራ ብቻውን ሲያሳስት

የአልማ አሽ-ሻዕቡ ጥቃት በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ ጋዛ ከተማ ውስጥ በአል-አህሊ ሆስፒታል ግቢ ፍንዳታ ደረሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ፍንዳታው በደረሰበት ሰዓት የአልጀዚራ የቀጥታ ስርጭት ካሜራ በሰማይ ላይ አንድ የሚያበራ ነገር ሲወጣ፣ ሲፈነዳ፣ ወዲያውም መሬት ላይ እሳት ሲነሳ አሳይቷል። ብዙዎች፣ ትላልቅ መገናኛ ብዙኃንና የመንግሥት ባለሥልጣናት ጭምር፣ በሰማይ የታየው ነገር ከጋዛ የተወነጨፈና ከሽፎ ሆስፒታሉ ላይ የወደቀ ሮኬት ነው አሉ። በዓይን ሲታይ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስልም ነበር።

ኒው ዮርክ ታይምስ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ምስል በእስራኤል በኩል ከነበሩ ሌሎች ካሜራዎች ጋር አጣጣመው። አንድ ካሜራ አቅጣጫን ያሳያል እንጂ ርቀትን አያሳይም፤ ሁለትና ሦስት ሲሆኑ መስመሮቹ ይቆራረጣሉ። ሲቆራረጡም ያ የሚያበራ ነገር ከእስራኤል በኩል የተተኮሰና ከሆስፒታሉ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰማይ የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታሉን ከመታው ነገር ጋር የሚያገናኘው አልነበረም።

ይህ ግን ሆስፒታሉን ማን መታው ለሚለው መልስ አይሆንም። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሌሎች ማስረጃዎችን ይዞ ፍንዳታው የፍልስጥኤም ታጣቂዎች ከሚጠቀሙበት ዓይነት ሮኬት የመጣ ይመስላል ብሏል፤ ተጨማሪ ምርመራም ጠይቋል። የተሳሳተ ማስረጃ ሲወድቅ ድምዳሜው የግድ አብሮ አይወድቅም፤ ሌላ ድጋፍ ይፈልጋል እንጂ። ሁለት ነገሮች በአንድ ማያ ገጽ፣ በተከታታይ ሰከንዶች መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አለመሆኑን እዚህ ላይ ብናስታውስ ይበቃል።

ማስቀመጥና መስማት

የቀጥታ ስርጭት ካልተቀመጠ ይጠፋል። ጣቢያዎች ያልተጠቀሙበትን ሰዓት ያጠፋሉ፤ ማኅበራዊ መድረኮች ደም ያለበትን ምስል ያነሳሉ። የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ጋር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የበርክሊ ፕሮቶኮል ለዚህ መመሪያ ይሰጣል። ፋይሉ ሳይነካ ይገለበጣል፤ ከማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደተገኘ ይመዘገባል፤ ከይዘቱ የሚሰላ ረጅም የቁጥርና የፊደል መለያ ይወጣለታል። ከፋይሉ አንዲት ቅንጣት ብትቀየር መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት የቀረበው ቅጂ ያው መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

መርማሪዎቹም ሰዎች ናቸው። አስጨናቂ ቪዲዮ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ድምፁን ይዘጋሉ፤ ከምስሉ ይልቅ ጩኸቱ አብሮ እንደሚኖር ያውቃሉና። በዚህ ምዕራፍ ባየነው ሥራ ግን ያ አይቻልም። የመትረየሱ ተኩስ ያለው ከቁስለኞቹ ድምፅ ሥር ነው። ያን ለመለየት አንድ ሰው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ያቺኑ ደቂቃ ደጋግሞ መስማት አለበት።

ሰዓቱ የማይመልሰው

እስካሁን ባየነው መንገድ ከየት፣ መቼ፣ በምን እንደተተኮሰ ማወቅ ይቻላል። በታንኩ ውስጥ የነበረው ሰው በመነጽሩ ምን እንዳየ፣ ማን እንዳዘዘው ግን የኮረብታው ካሜራ አይነግረንም። የሰላም አስከባሪው ሪፖርት የተተኮሰባቸው በግልጽ የሚለዩ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ይህም ዓለም አቀፍ ሕግን መጣስ ነው ብሏል። ከዚያ አልፎ የተኳሹን ሐሳብ ለማረጋገጥ የሬዲዮ ልውውጡን፣ የትእዛዝ መዝገቡንና የታንኩን ሠራተኞች ቃል ማግኘት ያስፈልጋል። እነዚህ ያሉት በተከሳሹ ወገን እጅ ነው፤ እንዲያቀርብ ማስገደድ የሚችለውም ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ሊባኖስ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤቷ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በግዛቷ የተፈጸሙ ወንጀሎችን ፍርድ ቤቱ እንዲያይ ሥልጣን ለመስጠት ወሰነ። የኢሳም አብደላ ጉዳይ በር ያገኘ መሰለ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ያው ምክር ቤት ውሳኔውን ሻረው።